በፈረንሳይኛ «ቱ» ልበል ወይስ «ቩ»?
የምሠራው ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ «ቦንዡር ማዳም» ወይም «ቦንዡር መስዩ» በሉ። ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጥራት ነውር ነው። ቀጥሎ «ቩ»፣ የእኛው «እርስዎ»። ለማታውቁት አዋቂ ሁሉ ይኼው ነው፤ የ20 ዓመት ወጣት ቢሆንም።

«ቱ»፣ የእኛው «አንተ» ወይም «አንቺ»፣ ለጓደኛ፣ ለቤተሰብ፣ ለሕፃን ነው። ወንድ ሴት አይለይም፣ ተገላገልን! ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ጓደኞቻችሁም ቢሆኑ «ቩ» ነው።

ስትለምኑም አትቀላቅሉ፦ ለደንበኛ «ሲል ቩ ፕሌ»፣ ለጓደኛ «ሲል ት ፕሌ»።

አንዳንዱ ቀለበት እየለካ «ኦን ስ ቱትዋ?» ይላል፤ አንተ እንባባል ማለቱ ነው። እሺ ካላችሁ ወደ «ቩ» አትመለሱ፣ የተቀየማችሁት ይመስለዋል። እናንተ ግን ቀድማችሁ አትጠይቁ፤ ደንበኛው ይጀምር።