የደች ጥምር ቃላትን ከስፌታቸው ለይቶ ማንበብ

ደሴ ተቀምጦ አዲስ አበባ በሚገኘው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ለሚሰጠው የቋንቋ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ቀድሞ የሚደናገረው በረጃጅሞቹ ቃላት ነው፤ እኛ «ሰኞ ገበያ» ወይም «ምግብ ቤት» ብለን ለያይተን የምንጽፈውን ደች፣ የኔዘርላንድስ ቋንቋ፣ አጋጥሞ ስለሚጽፈው ስፌቱ፣ ማለትም ቃላቱ የተጋጠሙበት ቦታ፣ ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ቃሉን ከመጥራት በፊት ከኋላ ተነሥቶ የሚታወቅ ቃል መፈለግ ይገባል፤ ዋናው ነገር፣ እንደ «ምግብ ቤት» ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ ይቀመጣልና። «ዎርደንቡክ» ውስጥ «ቡክ» መጽሐፍ፣ «ዎርደን» ደግሞ ቃላት ነው።

በነጠላ ቃል ከአናባቢ በፊት ያለው ተነባቢ ወደሚቀጥለው ቀለም፣ ማለትም በአንድ ምት ወደሚነገረው የቃል ክፍል፣ ይሄዳል፤ ጠረጴዛ «ታ-ፈል» ተብሎ ይከፈላል። በጥምር ቃል ግን ስፌቱ ይቀድማል። እራት «አ-ቮንት-ኤ-ተን» ነው እንጂ «አ-ቮን-ዴ-ተን» አይደለም፤ በ«ድ» የተጻፈው ፊደልም ምሽት ማለት የሆነው የ«አቮንት» መጨረሻ ሆኖ ስለሚቀር «ት» ተብሎ ይነበባል። አያያዥ ሆኖ የሚገባው «ስ» ከፊተኛው ቃል ጋር ይቀራል፦ «ስታ-ሾንስ-ፕሌይን»፣ የባቡር ጣቢያ አደባባይ።

ጎልቶ የሚነገረው ቀለም ብዙውን ጊዜ በፊተኛው ቃል ውስጥ ነው፤ ይህም ማለት ያ ቃል ብቻውን ሲነገር የሚጎላበት ቀለም እንጂ የግድ የመጀመሪያው ቀለም ማለት አይደለም፤ በ«ስታሾንስፕሌይን» የሚጎላው «ሾንስ» ነው። በደች ጽሕፈት አንድ ዓይነት የሆኑ ፊደላት «ማሳ-ኸቤት» ተብለው ሲከፈሉና «ማ» ሲጎላ የብዙ ሰው ጸሎት ይሆናሉ፤ «ማሳዠ-ቤት» ተብለው «ሳ» ሲጎላ ደግሞ የማሳጅ አልጋ። (ይህ «ቤት» አልጋ እንጂ የእኛ ቤት አይደለም፤ ጆሮ ግን መሳቱ አይቀርም።) «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ እዚህም ለዋጩ ነገር በጽሑፍ አይታይም።

የአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ ስሕተት ማጉላትን ከማጥበቅ ጋር ማምታታት ነው። «ማሳ» በሁለት «ስ» ቢጻፍም አይጠብቅም፤ ድርቡ ፊደል ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ብቻ ያመለክታል። የሚጎላው አናባቢው ነው። መንዙማ ሲባል ድቤው አንዱን ምት ከበድ አድርጎ ሌሎቹን እንደሚያቀልል፣ ቃሉን ጠረጴዛ እየመቱ በቀለም ከፍሎ አንዱን ምት ብቻ ማክበድ ከሁሉ የተሻለ ልምምድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ደንቡን የሚጥሱም አሉ። ማዘጋጃ ቤት የሚባለው ቃል «ስታት»፣ ማለትም ከተማ፣ ብሎ ቢጀምርም የሚጎላው ቤት የሚል ትርጉም ባለው ኋለኛው ክፍል ነው፤ «ቡረንኮል» የተባለው ጎመንም የሚጎላው «ኮል» ላይ ነው። እነዚህን በደብተር ለይቶ፣ በሚጎላው አናባቢ ላይ ጭረት አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ደቾችም ማምታታት ሲፈሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።