«ሊቭ» ወይስ «ሊቪንግ»?

በእንግሊዝኛ የት እንደምትኖሩ ስትጠየቁ «ሊቭ» ልበል ወይስ «ሊቪንግ» እያላችሁ የምትቸገሩ፣ በልባችሁ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ጨምሩበት። ከተስማማች «ሊቪንግ» ነው። ቤተሰቡ ቢቸና ሆኖ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ «አይ አም ሊቪንግ ኢን ደብረ ማርቆስ» ይበል፤ ቋሚ ኑሮው እዚያው የሆነ ሰው ግን «አይ ሊቭ ኢን ደብረ ማርቆስ»። የእኛ «እኖራለሁ» ሁለቱንም ስለሚሸፍን ነው ልዩነቱ የሚያመልጠን፤ በእንግሊዝኛ እዚህ ላይ «ኢንግ» ስትጨመር ኑሮው ጊዜያዊ መሆኑን ትናገራለች። ለሥራ ቃለ መጠይቅ በጣም ይጠቅማል።

ስንት ዓመት እንደኖራችሁ ስትናገሩ ግን ይህን ዘዴ ተዉት፤ ያን ጊዜ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር 3 ይርስ» ነው። ሆቴል ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ደግሞ «ስቴይ» በሉ።