ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

እናቴ ያረፈችው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ባህር ዳር ሙቀቱ ሌሊት እንኳን አላስተኛ በሚልበት ወር። እድሩ ድንኳን ጣለ፣ ንፍሮ መጣ፣ ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ከኛ ጋ አደረ፣ እስከ ሠልስት ብቻዬን የሆንኩበት ደቂቃ የለም። ከዛ ድንኳኑ ተነሳና ሰው ወደ ስራው ሄደ፣ አይፈረድበትም፣ እኔን ግን ለቅሶው ያኔ ነው የጀመረኝ። ስለዚህ ምጽፈው ከዛ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፣ እኔን የጠቀመኝንና በኋላ ሌላ ሰው ቤት ሄጄ ሲሰራ ያየሁትን።

መጀመሪያ ብሉና ተኙ፣ ቀልዴን አይደለም። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገብቶ ሞቱን ለምኖ ሲተኛ መልአኩ መጥቶ ስብከት አልሰበከውም፣ ተነስና ብላ ነው ያለው፣ እንጎቻና ውሃ ራስጌው አስቀምጦለት፣ በላና ተመልሶ ተኛ፣ ድጋሚ ቀስቅሶ አበላው (መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19)። ጾም ከሆነና ጉልበት ከከዳችሁ ደሞ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፣ በራሳችሁ ጀግና አትሁኑ።

ጸሎት እምቢ ይላችኋል። እኔ ቆሜ "አባታችን ሆይ" ጀምሬ መሀል ላይ የት እንደደረስኩ ይጠፋኝ ነበር። እንዲህ ሲሆን የራሳችሁን ቃል አትፈልጉ፣ ዳዊት ክፈቱ። ዳዊት እንደምታውቁት በቀን በቀን የተከፈለ ነው፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ያልቃል፣ ግን ሀዘን ላይ 30 መዝሙር ማን ይችላል፣ አንድ በቂ ነው። እኔ ሳምንት ሙሉ ያነበብኩት "አቤቱ እስከ መቼ ትረሳኛለህ" ሚለውን ብቻ ነው፣ እግዚአብሔርን ማማረር ነውር ይመስለኝ ነበር፣ ዳዊት ራሱ ሲያማርር ሳይ ቀለል አለኝ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ያምታታል፣ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው" በግዕዙ ዳዊት 22 ነው፣ በሌላው እትም 23፣ ለሰው ስትልኩ በቁጥር ሳይሆን በመነሻው ቃል ላኩ።

ማንበብም ካቃታችሁ ሂዱና ተቀመጡ፣ በቃ። እኔ ጠዋት ኪዳን ሲደርስ ጊዮርጊስ እሄድ ነበር፣ ሀይቁ ዳር ያለው፣ ምንም ሳልል ጥላ ስር ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ። ራቅ ማለት ለፈለገ በጀልባ ዘጌ ወርዶ በቡናው ጫካ መሀል ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት መውጣት ነው፣ መንገዱ ራሱ ያሳርፋል። ሴቶች ደሴቱ ላይ ያለው ገዳም፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንደማትገቡ ታውቃላችሁ፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ግን ይቻላል። አንዴ እዛው ሀይቁ ዳር የደንገል ታንኳቸውን ግንድ ላይ አስደግፈው የሚያደርቁ አባት "ደንገል እኮ ውሃ ይጠጣል ልጄ፣ አውጥተህ ካላቆምከው ይሰምጣል" አሉኝ፣ ስለ ታንኳው ነበር ሚያወሩት፣ እኔ ግን ማታ ድረስ ሳስበው ዋልኩ።

አሁን ወደ ማጽናናቱ። እኔ ራሴ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ፣ ጓደኛዬ ልጁን ያጣ ጊዜ ገና ከቀብር ሳንመለስ "ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር ስለወደደው ነው የወሰደው" አልኩት። አየኝና ዝም አለ፣ ከዛ ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳም። ቃሉ ሀሰት ነው እያልኩ አይደለም፣ ሀዘንተኛው ራሱ ሲለውና አንተ ስትለው አንድ አይደለም ነው ምለው። የኢዮብ ወዳጆች እኮ መጀመሪያ ጎበዝ ነበሩ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ነገሩ የተበላሸው ማብራራት ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ "እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ነፍስ ይማር" በሉና ቁጭ በሉ። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ሚለውንም ተዉት፣ ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሳው እያወቀ አልቅሷል።

"ሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ" አይሰራም፣ ማንም አይነግራችሁም። ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸውን አልጠራም፣ ይቆጡኛል) ባስረኛው ቀን ጀበናቸውን በአንድ እጅ፣ ስኒውን በፌስታል ይዘው መጡ፣ የኛ ጀበና ከለቅሶው ጀምሮ ሳይታጠብ እንዳለ ገብቷቸዋል መሰለኝ። ምንም አልጠየቁኝም፣ ከሰል አያያዙ፣ ቡና ቆሉ፣ እስከ በረካ አፈሉ፣ መሀል ላይ እናቴ ሽሮ ስታበዛው እንዴት እንደሚጣሉ ነገሩኝ፣ የናቴን ስም ከቀብር ወዲህ ሰው ሲጠራው የሰማሁት ያኔ ነው። ሲወጡ ብቻ "ድንግል ማርያም ታጽናህ" ብለው ሄዱ። የሟቹን ስም ለመጥራት አትፍሩ፣ ሰው ቁስሉን ምንነካበት ይመስለናል፣ እሱ እኮ ሌላ ነገር እያሰበ አይደለም።

ራቅ ያላችሁ ደውሉ፣ ካልሆነም አጭር መልእክት፣ "ዛሬ ዳዊት ሳነብ እናትህን አሰብኳት፣ መመለስ የለብህም" አይነት። ያ መመለስ የለብህም ሚለው ትልቅ እረፍት ነው። 50 ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ የሻማ ፎቶ መለጠፉን ግን እኔ አልወደውም።

ሰውየው ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ አልመጣ ካለው፣ ወይ መኖር አልፈልግም ካለ፣ ይሄን በጸሎት ብቻ እንያዘው አትበሉ፣ ብቻውንም አትተዉት። ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ ጠበሉንም ይጠመቅ መድሀኒቱንም ይዋጥ፣ ሚጣሉ ነገሮች አይደሉም።

ሌላው ቀን መያዝ ነው። አርባው ላይ ተዝካር ስላለ ሰው ይመጣል፣ ሚረሳው ከአርባ በኋላ ነው። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን፣ መጀመሪያ ያለሷ ሚውለውን ፋሲካ። እኔ የዛን ጓደኛዬን ልጅ ቀን ሞልቼዋለሁ፣ ባለፈው ሲደርስ ቡና ይዤ ሄድኩና እስኪመሽ ስለ ኳስ አወራን፣ ልሸኝህ ብሎ በር ላይ ሲደርስ ነው የልጁን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ ያሳየኝ።