የቶማሃውክ ዛቢያ ርዝመት፦ አጭር ወይስ ረጅም?

ቶማሃውክ ስሙን ያገኘው ከቨርጂኒያ አልጎንኪያን ሕዝቦች ቋንቋ ነው፤ በአንድ እጅ የሚያዝ ቀላል መጥረቢያ ነው። በእሱ ፍልሚያ የምትለማመዱ፣ ከስለቱ በፊት ዛቢያውን እዩ።

ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ያለው ለጠባብ ቦታ ይመቻል፤ ግን ካልተጠጋችሁ አይደርስም። 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ርቀት ይሰጣል፣ በሁለት እጅም ይያዛል። ጣጣው ምቱ ሲስት ነው። ክብደቱ ጫፉ ላይ ስለሆነ ክንድን ይዞ ይሄዳል፤ እስኪመለስ ድረስ ደረት ክፍት ይሆናል። ለጀማሪ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ የብረቱ ራስም ከ500 ግራም ያልበለጠ ቢሆን እመርጣለሁ። ቦታ ሲጠብ እጅን ወደ ብረቱ ራስ ከፍ አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ አጭሩ ግን ማስረዘሚያ የለውም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ የብረቱን ራስ መላላት ነው። የባህላዊው ዛቢያ ከላይ ወደ ታች ይገባል፤ ወፍራሙ ጫፍ የብረቱን ራስ ስለሚያግደው ሽብልቅ አያስፈልገውም። እንጨቱ ሲደርቅ ግን ይሟሽሽና ራሱ ወደ እጅ ይንሸራተታል። ያኔ ገልብጣችሁ፣ ከራሱ በላይ የወጣውን የዛቢያ ጫፍ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት፤ ራሱ ወደ ወፍራሙ በኩል ወርዶ ይጠብቃል። የእንጨቱ ጅማት ከዛቢያው ጋር ቀጥ ብሎ ካልሄደ አትግዙት፤ አግድም የሄደው ሲመታ ይሰነጠቃል።

ከሰው ጋር ስትለማመዱ ከጎማ የተሠራ ቶማሃውክ ብቻ ያዙ፤ የዓይን መከላከያ መነጽርም አድርጉ።