የቼዝ እንቆቅልሽ፦ አሸናፊውን እርምጃ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ የቼዝ ሰሌዳዬን እዘረጋለሁ። ቡናዬን ይዤ አንድ እንቆቅልሽ ላይ አፈጣለሁ። የሚያልፈው ሰው ቆም ይልና ብዙ ጊዜ ያንኑ ይጠይቀኛል፦ «እንዴት ነው የምታገኘው?» ባለፈው አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ጠየቀኝ። ለእሱ ያሳየሁትን ለእናንተም ላሳያችሁ።

ሰሌዳ ካላችሁ አውጡ፤ ከሌላችሁም ስልክ ይበቃል። እንዲህ ደርድሩ፤ ፊደሉ ከነጭ በኩል ሲታይ ከግራ ወደ ቀኝ ያለውን ዓምድ (ከኤ እስከ ኤች)፣ ቁጥሩ ደግሞ ከነጭ በኩል የሚቆጠረውን ረድፍ ያሳያል። ነጭ፦ ንጉሥ ጂ1፣ ንግሥት ሲ4፣ ፈረስ ጂ5፣ ወታደሮች ኤፍ2፣ ጂ2 እና ኤች2። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤች8፣ ንግሥት ቢ2፣ ሩክ (ግንቡ) ዲ8፣ ወታደሮች ጂ7 እና ኤች7። ተራው የነጭ ነው።

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። የድሮው የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ሲጀመር ወረራ የሚባል ነገር ነበረው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። እንቆቅልሽ ግን በወረራ አይፈታም። ዐይን ይቅደም፣ እጅ በኋላ ይድረስ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ ተራው የባላጋራዬ ቢሆን ምን ያደርገኝ ነበር? እዚህ ጥቁር ሩኩን ዲ1 ላይ አውርዶ ቼክ ይላል፤ ማለትም ንጉሣችንን ያጠቃል። ነጭ ንግሥቱን ኤፍ1 ላይ ከመጋረድ ሌላ አማራጭ የለውም፤ ከዚያ ንግሥቲቱ በሩክ ተለውጣ ትሄዳለች። ስለዚህ ዝግ ያለ እርምጃ አያዋጣም። ለምሳሌ ንግሥቷን ኤፍ7 ላይ ብናስጠጋ ያስፈራራን ይመስለናል። ጥቁር ግን ሩኩን ዲ1 ላይ ያወርዳል፤ የሚጋርድ የለም፤ ማት የሆንነው፣ ማለትም ንጉሣችን ማምለጫ አጥቶ የተሸነፍነው እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ የባላጋራን ንጉሥ እዩ። የት መሄድ ይችላል? ከፊቱ ያሉት ሁለት ወታደሮች የራሱ ናቸው፤ እነሱው አጥረውታል። የቀረችው በር ጂ8 ብቻ ናት፤ እሷንም ለጊዜው ንግሥታችን ከሲ4 ይዛበታለች። ንጉሥ አንድ በር ብቻ ሲቀረው ልባችሁ ይንቃ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ያሏችሁን ቼኮች በሙሉ ቁጠሩ፤ ሞኝ የሚመስለውንም ጭምር። ከቼክ ቀጥሎ መብላት፣ ከመብላት ቀጥሎ ማስፈራራት። ቼክ የሚቀድመው ለባላጋራ ብዙ ምርጫ ስለማይሰጠው ነው፤ ምርጫው ሲያንስ ደግሞ ሩቅ ማየት ይቀላል። እዚህ ያሉን ቼኮች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ንግሥት ጂ8 እና ፈረስ ኤፍ7።

ልጁ ንግሥት ጂ8ን ወዲያው አየ። «ጋሼ፣ ሩኩ ሲበላት በፈረስ ማት ነው!» አለኝ። ልክ ነው፤ ሩኩ ከበላት ፈረስ ኤፍ7 ማት ነው። ግን ንጉሡም ሊበላት ይችላል፤ ያኔ ንግሥታችን በከንቱ ቀረች። ባላጋራ የሚጫወተው እኛ የምንመኘውን ሳይሆን ለእሱ የሚሻለውን ነው። ሁሌም ከመልሶቹ መካከል በጣም የሚጎዳችሁን ፈልጉ።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ሐሳቡን ይጥለዋል። አትጣሉት። ይልቅ «እንዲሠራ ምን ይጎድለዋል?» በሉ። የሚጎድለው ጂ8ን የሚጠብቅ ነው። ፈረሳችን ኤች6 ላይ ቢሆን ጂ8ን ይጠብቅ ነበር። እንዴት ይደርሳል? በኤፍ7 በኩል፣ ያውም ቼክ እያለ። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። እኔ በዓመታት ልምዴ ከተማርኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

እንግዲህ እንጫወት። ፈረስ ኤፍ7፣ ቼክ። ንጉሡ ጂ8 ላይ ከመሄድ በቀር መላ የለውም። አሁን ፈተና ይመጣል፦ ፈረሱ የዲ8ን ሩክም ይዞታል። እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የተወረወረውን አንጀት እንዴት እንደሚሻሙ አይታችኋል። ያገኙትን መንጠቅ ኑሯቸው ነው። እናንተ ግን ጥሩ እርምጃ ስታዩ የተሻለ ካለ ፈልጉ። ሩኩን መብላት መጥፎ አይደለም፤ ግን ማት አለ።

ፈረስ ኤች6! ፈረሱም ንግሥቲቱም በአንድ ጊዜ ቼክ ይላሉ። ሁለቱን በአንድ እርምጃ መጋረድም መብላትም ስለማይቻል ንጉሡ የግድ መንቀሳቀስ አለበት። ኤፍ8 ቢሄድ ንግሥት ኤፍ7 ማት ነው፤ ፈረሱ ይጠብቃታል። ኤች8 ቢመለስ ደግሞ ያቺ የልጁ እርምጃ ትመጣለች፦ ንግሥት ጂ8! አሁን ንጉሡ አይበላትም፤ ሩኩ የግድ ይበላታል። ከዚያ ፈረስ ኤፍ7፣ ማት። ንጉሡ በራሱ ሰዎች ታፍኖ አለቀ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1497 አካባቢ ስፔን ውስጥ በታተመ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ሲያዩት ደስ ያሰኛል።

ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ቀርቷል። ወንበር ቀይሩና ጥቁር ሁኑ። ለእያንዳንዱ ቼክ ማምለጫ ፈልጉ፤ ከልባችሁ ፈልጉ። ካጣችሁ ተጫወቱ።

ለልምምድ ሊቼስ (Lichess) በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ እንቆቅልሽ በነፃ ይገኛል። ቀን አምስት ቢበቃችሁም መጨረሻውን ሳታዩ የመጀመሪያውን እርምጃ አትንኩ። የተሳሳታችሁትን መዝግቡና በሳምንቱ መልሳችሁ ሞክሩት። አገር ለመስጠትም አትቸኩሉ፤ አሥር ደቂቃ ማፍጠጥ መልስ ከማየት የበለጠ ያስተምራል።

ልጁ ሊሄድ ሲል ይቺን ሰጠሁት። ሁሉም እንዳለ ሆኖ የጥቁርን ሩክ ከዲ8 አንስታችሁ ኤፍ8 ላይ አስቀምጡ። አሁን ፈረስ ኤፍ7 ሲል ሩኩ ይበላዋል። ንግሥታችን ሩኩን መልሳ ብትበላ ጥቁር ንግሥቱን ቢ1 ላይ አውርዶ ማት ያደርገናል። ነጭ ግን አሁንም በፈረስ ኤፍ7 ጀምሮ ያሸንፋል። ሩኩ ፈረሱን ሊበላ ሲሄድ የኋላውን መስመር ለማን ትቶ ሄደ?