የልብ ደም ቧንቧ ምርመራ፦ አደገኛውን ፕላክ ለማየት እንዴት መዘጋጀት፣ ውጤቱንስ እንዴት ማንበብ ይገባል?

የልብን ጡንቻ በሚመግቡ የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚጠራቀመው ፕላክ (የስብና የመሳሰለው ክምችት) አደገኛነቱ ቧንቧውን ባጠበበው ልክ ብቻ አይመዘንም፤ ቧንቧውን ግማሽ ያህል እንኳ ያላጠበበ፣ ነገር ግን ብዙ ስብ ያዘለና በስስ ሽፋን የተከደነ ፕላክ ድንገት ተቀድዶ ደም እንዲረጋ ሊያደርግና ሃርት አታክ ሊያስከትል ይችላል። የምርመራው ምርጫም ሆነ የውጤቱ አነባበብ ከዚህ ይነሣል።

ምልክት ለሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ያለ ኮንትራስት (ቧንቧዎቹን በምስሉ ላይ የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚወጋ ፈሳሽ) በሲቲ ራጅ የሚነሣው የካልሲየም ልኬት ነው። ውጤቱ ዜሮ ሲሆን ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም የሚቆጥረው የጠጠረውን ክምችት ብቻ ስለሆነ ለስላሳውን ያልፈዋል። ስለዚህ ደረቱን የሚያመው ሰው፣ በተለይም ወጣት ወይም አጫሽ ከሆነ፣ በዜሮው ብቻ ተጽናንቶ መቅረት የለበትም፤ ሕመሙ ድንገተኛና ብርቱ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ለስላሳውን ፕላክ ያለ ካቴተር (ወደ ደም ቧንቧ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚያሳየው በኮንትራስት የሚሠራው የደም ቧንቧዎች የሲቲ ምስል፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ነው። ልብ በፍጥነት ሲመታ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ምቱ በደቂቃ 60 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ለዚህም ከቀጠሮው በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ቡናና ሻይ መተው ይመከራል (የጠዋቱ ቡና መቅረት ለብዙዎቻችን ከመርፌው ይከብዳል)፤ አስፈላጊ ሲሆንም ምት የሚያረግብ ቤታ ብሎከር ይሰጣል። ቧንቧዎቹን ለማስፋት ከምላስ ሥር ናይትሮግሊሰሪን ስለሚደረግ፣ ቪያግራን የመሰለ መድኃኒት የወሰደ ሰው ሳያፍር መናገር አለበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉና። የኩላሊት ሕመም፣ የኮንትራስት አለርጂ፣ እርግዝናና ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት መውሰድም አስቀድመው ይነገራሉ።

ውጤቱ ሲመጣ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በጥበቱ መቶኛ ላይ ነው፤ ሐኪሙን ግን ስለ ፕላኩ ዓይነትም መጠየቅ ይገባል፦ ጥግግቱ ከ30 ሀውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) በታች ነው ወይ፣ ቧንቧው ወደ ውጭ ሰፍቷል ወይ፣ ከ3 ሚሊሜትር ያነሱ የካልሲየም ነጠብጣቦች አሉ ወይ፣ በፕላኩ ዙሪያ ቀለበት መሰል ጠርዝ ይታያል ወይ? ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ፕላክ ላይ ከተገኙ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለውን ካድራድስ የተባለ የልብ ደም ቧንቧ ሲቲ ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ የሚከተል ሪፖርት «ኤችአርፒ» (ከፍተኛ አደጋ ያለው ፕላክ) የሚል ምልክት ይጨምርበታል።

የፕላኩን ሽፋን ስስነት ግን ሲቲ መለካት አይችልም። ከ65 ማይክሮሜትር የሚያንሰውን ሽፋን ለይቶ የሚያሳየው በካቴተር ቧንቧው ውስጥ ገብቶ በብርሃን የሚሠራው ኦሲቲ ነው፤ እሱም በሌላ ምክንያት ካቴተር ሲገባ እግረ መንገዱን ይሠራ እንደሆነ እንጂ፣ ለፍለጋ ብቻ ተብሎ ጤነኛ ለሚመስል ሰው የሚታዘዝ አይደለም።