ድምፁ አንበሳ፣ ጉልበቱ ግን የለም፦ የካምሻፍት ችግሮችና መፍትሄያቸው

የድሮ ቪ ኤይት (ስምንት ሲሊንደር) መኪና ያለው ሰው ስለ ካምሻፍት፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች ስለሚከፍተው ዘንግ፣ የሚጠይቀኝ ሁሌም ገዝቶ ካስገጠመ በኋላ ነው። በጆሮው ይመርጣል፣ ከዚያ «ምን ነካት?» ይላል። አልፈርድም፣ እኔም ተሸውጃለሁ። የ1972 ሸቭሮሌት ኖቫ አለችኝ፣ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ ኦቶማቲክ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻሏ 3.08 (ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ 3.08 ጊዜ ይዞራል)። 236 ዲግሪ ካም ከተትኩባት። ቆማ ስትሰሟት አንበሳ ናት። መብራት ሲለቅ ግን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ ቫን ጥሏት ይሄድ ነበር።

ቁጥሩን እንግባባ። ዱሬሽን ማለት ቫልቩ ስንት የክራንክሻፍት ዲግሪ ያህል ተከፍቶ እንደሚቆይ ነው። በ0.050 ኢንች ሊፍት ላይ፣ ማለትም ካሙ ታፔቱን (ቫልቩን የሚገፋውን ክፍል) ያን ያህል ሲያነሳው፣ የተለካውን ብቻ አወዳድሩ፤ ሌላውን ቁጥር እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚለካው። ከፋብሪካ የወጣ ተራ የ350 ካም 195 በ202 ገደማ ነው፣ የመጀመሪያው ለማስገቢያው ቫልቭ፣ ሁለተኛው ለማስወጫው። የእኔን ጥጋብ ከዚህ አስሉት።

ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽ ሲገባ ይጠፋል

ካሙን ከመውቀሳችሁ በፊት የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማ ወይም ካርቡሬተሩ ስር አየር የሚስብ ቦታ ፈልጉ። ከሌለ ምክንያቱ ኦቨርላፕ ነው። የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ረዝሟል፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የተቃጠለው ጭስ ወደ ማስገቢያው ይመለስና አዲሱን ድብልቅ ያበላሸዋል። ያ የምንወደው ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ በቃ ይሄው ነው፣ በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን። ሎብ ሴፓሬሽኑ (በማስገቢያውና በማስወጫው የካም ጉብታ መካከል ያለው ማዕዘን) ሲጠብ፣ ለምሳሌ ከ112 ወደ 108 ሲወርድ፣ ይብሳል።

መጀመሪያ ታይሚንጉን፣ ማለትም ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ፣ ንኩ። ሚኒሞ ላይ 8 ዲግሪ ከሆነ ወደ 14 ወይም 16 አምጡት፤ ግን ጠቅላላው ከ36 እንዳያልፍ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለውን ሜካኒካል አድቫንስ (ዙር ሲጨምር እሳቱን የሚያስቀድመውን) ማሳጠር ግድ ነው፣ አለዚያ ፒስቶን ትበሳላችሁ። ካልበቃው ከፍ ባለ ዙር የሚይዝ፣ 2,500 ገደማ የሆነ ቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩን ከኦቶማቲክ ካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው) ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ካሙን ሲገዛ ይሄን ወጪ አይቆጥረውም።

ፍሬኑ ደንድኗል

ይሄ ቀልድ የለውም። የፍሬኑን እርግጫ የሚያቀልለው ቡስተር የሚሠራው በሞተሩ ቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው መምጠጥ፣ ነው። ጤነኛ የፋብሪካ ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከ18 እስከ 20 ኢንች (በሜርኩሪ ሲለካ) ይሰጣል፤ ትልቅ ካም ወደ 10 ያወርደዋል። ከ15 በታች ሲሆን እግራችሁ ይነግራችኋል። ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ አበሾች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ከፍታው 1,600 ሜትር ነው፣ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ 5 ኢንች ከወዲሁ ተበልቷል። ሎስ አንጀለስ ያለ ጓደኛችሁ «እኔ ጋ በደንብ ይሠራል» ያላችሁን ካም ሳታሰሉ አትግዙ። የቫኪዩም ታንክ ለአንድ ሁለት እርግጫ ነው። የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ፓምፕ ወይም ያነሰ ካም ነው መፍትሄው።

ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላው ጠቁሯል

ካርቡሬተሩ ሆሊ የሚባለው ከሆነ ፓወር ቫልቩን፣ ሞተሩ ጫና ሲበዛበት ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቀውን፣ እዩ። 65 የሚለው ቫኪዩሙ ከ6.5 ሲወርድ ይከፈታል። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ 6 ብቻ ካላችሁ ቆማችሁም ቤንዚን እየፈሰሰ ነው። የቫኪዩማችሁን ግማሽ የሚሆን ቁጥር ግጠሙ። ርካሽ ነገር ነው።

ከታች ሞቷል፣ 3,000 ዙር ላይ ይነቃል

የእኔዋ ኖቫ። ትልቅ ካም የማስገቢያውን ቫልቭ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ፒስቶኑ ወደ ላይ መጭመቅ ከጀመረ በኋላም ቫልቩ ክፍት ነው፣ ድብልቁ ወደ መጣበት ይመለሳል። የ1972ቱ ሞተር ኮምፕሬሽን (ድብልቁ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) ደግሞ 8.5 ብቻ ነው፣ ከዚያ ላይ ሲቀነስ ምን ይቀራል? በ3.08 ዲፈረንሻል 60 ማይል ስትነዱ ሞተሩ 2,400 ዙር አካባቢ ነው። 3,000 ላይ የሚነቃ ካም ፍሪዌይ ላይ ተኝቶ ይሄዳል ማለት ነው! ካሙን 4 ዲግሪ አስቀድሞ መግጠም ትንሽ ይረዳል። እኔ ግን አውጥቼ 210 ዲግሪ፣ ሎብ ሴፓሬሽኑ 112 የሆነ ገጠምኩ። ድምፁ ጨዋ ሆነ፣ ትንሽ ከፋኝ። ቫኑን ግን ከዚያ ወዲህ በስፖኪዮ ነው የማየው።

ከጥቂት መቶ ማይል በኋላ ይንኳኳል፣ አንድ ሲሊንደር ደክሟል

የካሙ ጉብታ ተበልቶ ይሆናል። ታፔቱ፣ ሽማግሌ መካኒኮቻችን ፑንቴሪያ የሚሉት፣ ሮለር የሌለው ዓይነት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ዕድሉን ይወስናሉ። ሞተሩ እንደተነሳ ወደ 2,000–2,500 ዙር ውሰዱት፣ ሚኒሞ ላይ አታቆዩት። ካሙ ዘይት የሚያገኘው ክራንክሻፍቱ ከሚረጨው ነውና። ዘይቱም ዚንክ የበዛበት ይሁን፣ የዘመኑ መኪኖች ዘይት አይበቃውም። አንዴ ከተበላ ግን ካምና ታፔት ቀይሮ ማለፍ አይቻልም። ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ስለገባ ሞተሩ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። የአሮጌውን ካም ታፔቶች ለአዲሱ የሚገጥም መካኒክ ካገኛችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ከቅየራው በኋላ ይተኩሳል፣ አልነሳ ይላል

የድሮ ፎርድ 302 ላይ የ5.0 ኤች ኦ (ጉልበቱ የጨመረ የኋለኛው የፎርድ ሞተር) ካም ከገጠማችሁ የእሳቱ ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል፣ ተቀይሯል። የድሮው 1-5-4-2-6-3-7-8 ነበር፣ የአዲሱ 1-3-7-2-6-5-4-8 ነው። የካንዴላውን ገመዶች በዚሁ ተራ መልሱ። ሞተር አትፍቱ።